ውሃ የሚለያት ዳጉሳ

ገላነሽ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን የወረቀት ከረጢቶች ቆጠረች። አራት ናቸው። አንዱ ከአንዱ ሥር ገብቶ ይሆናል ብላ በጣቷ እየገፋች ደግማ ቆጠረች። አሁንም አራት።

«አምስተኛዋስ?»

በእውቀቱ ከረጢቶቹን በመስመር አስተካከለ። ከሦስት ዓመት በፊት በሞተር ሳይክል ቁሐር ሚካኤል ድረስ መጥቶ፣ ከጓዳዋ ጣሪያ ያወረደችለትን አምስት የዳጉሳ እስር በሁለት እጁ ተቀብሎ የሄደው ይኸው ወጣት ባለሙያ ነበር። ያን ጊዜ «እማማ ገላነሽ፣ ይኸ ለአገር የሚቀመጥ ዘር ነው፤ የእርስዎ ቢጠፋ እንኳ ወረታ መጥተው ይወስዳሉ» ብሏት ነበር። እንዳለውም ጠፋ። ባለፈው ነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ወጣና ሜዳው ላይ ሃያ ቀን ተኛ። የቤቷ ግድግዳ ረጥቦ ተናደ፤ ጣሪያው ከነተሰቀለው ዘር ውሃ ውስጥ ወደቀ። ሃያ ቀን ውሃ የሚችል እህል የለምና ማሳ ላይ የነበረውም በሰበሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ሩዝ ከዞረ ቆይቷል፤ ዘር የሚያበድራት አልነበረም። ስለዚህ ግንቦት እንደገባ እንግዳው የሚባለውን የሟች ባሏን ወንድም አስከትላ ወደ ዘር ማከማቻው መጣች።

«አምስቱም አሉ፣ እማማ» አለ በእውቀቱ። «ሁለቱ ግን አንድ ላይ ናቸው።»

«የት አንድ ላይ?»

ሦስተኛውን ከረጢት ገፋ አደረገላት። ገላነሽ አፉን ፈትታ መዳፏ ላይ ትንሽ አፈሰሰች። ከጎመን ዘር የማይበልጥ፣ ክብ፣ ቀይ ፍሬ ነው። ወደ መስኮቱ ሄዳ ብርሃን ላይ በአውራ ጣቷ በተነችው። አንዱ ፍሬ ከሌላው በምንም አይለይም። እንደማይለይ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች።

«ጭብጦንና የደብሬን ቀላቀልሃቸው?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እንግዳው ድምፅዋ ዝቅ ሲል ምን እንደሚከተል ያውቃልና ወንበሩን ወደ በሩ ሳብ አደረገ።

የማከማቻው ኃላፊ አቶ ደሳለው ንግግሩን ሰምቶ ከውስጠኛው ክፍል ወጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። «እናቴ፣ እንዴት ነዎት? ችግር አለ?»

«አምስት ሰጥቼ አራት ተመለሰልኝ። ሌላ ችግር የለም።»

ደሳለው ፈገግ አለና ከመደርደሪያው አንድ ማኅደር አወጣ። «ይኸ ያስረዳዎታል፣ ይዩ። ዳጉሳን የምንለይበት ደንብ አለ። ዛላው እንደ ተዘረጋ እጅ ነው ወይስ እንደ ጭብጥ? ፍሬው ጥቁር ነው፣ ነጭ ነው፣ ቀይ ነው? ጣቶቹ ስንት ናቸው? ቁመቱስ? በስንት ቀን ይደርሳል? የእርስዎን አምስት እስር አንድ በአንድ ለካን። ሁለቱ በሁሉም አንድ ዓይነት ወጡ። ዛላቸው ጭብጥ፣ ፍሬያቸው ቀይ፣ ጣታቸው ከሰባት እስከ ዘጠኝ። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ማስቀመጥ ቦታ ማጣበብ ስለሆነ አንድ ላይ ተወቁ።»

«ውሃስ?»

«ምን ውሃ?»

«ከዚያ ወረቀትዎ ላይ ውሃ የሚል አለ?»

ደሳለው ማኅደሩን አየ። «የለም።»

«እንግዲያ ምኑን ለካችሁት?»

ቁሐር ሚካኤል ላይ የገላነሽ ማሳ ክፉ ቦታ ነው። ሙሉ ሜዳ አይደለም፤ ሙሉ ጉብታም አይደለም። ዝናብ ያነሰ ዓመት ሩዝ ይደርቅበታል፤ የበዛ ዓመት ሌላው እህል ይሰምጥበታል። በሁለቱም ዓመት የምታበላት አንዲት ዳጉሳ ነበረች፤ የደብሬ። ስሟ የአማቷ ስም ነው። ገላነሽ ከመዳሯ በፊት አንድ ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ውሃ ያንን ማሳ አሥራ አንድ ቀን ሸፈነው። ሲጎድል ሁሉም የበሰበሰውን አዝመራ ከብት ለቀቀበት። ደብሬ ግን ከከብቱ ቀድማ ጭቃው ውስጥ ገብታ እያንዳንዱን ረድፍ አየች። ሰባት እግር ዳጉሳ ቆሞ አገኘች። እሾህ አጠረችበት፤ የገዛ ባሏን በሬዎች በዱላ መለሰች። በዓመቱ የሰባቱን ፍሬ እዚያው ውሃ የሚተኛበት ላይ ዘራች። ከዚያም የቆመውን እየለቀመች፣ የወደቀውን እየተወች፣ አሥራ አራት ዓመት እንዲሁ አደረገች። ገላነሽ ስትዳር የተሰጣት ሥራ ይኸ ነበር፤ አጫጅ ማሳው ከመግባቱ በፊት ገብቶ ዛላ መምረጥ። ምራቷ መርጣ ሳትወጣ ወንድ ማጭድ ይዞ አይገባም። የተመረጠው ዛላ በየዓይነቱ ይታሰራል። ጭብጦና የደብሬ መልካቸው አንድ ስለሆነ ጭብጦ በአንድ፣ የደብሬ በሁለት ማሰሪያ ትታሰራለች።

«ለዚህ ልጅ ጥቂቷን ዛላ በሁለት ማሰሪያ ነው የሰጠሁት» አለች። «ማሰሪያውን አላየህም?»

በእውቀቱ ጆሮው ቀልቷል። «ማሰሪያውን አይቻለሁ» አለ። «ግን ... እኛ አገር፣ እናቴ ዘንድ፣ በሁለት የሚታሰር ለቤተ ክርስቲያን የተለየ ነው። ዘሩ ያው ነው፣ የስለት ሲሆን ሁለት ማሰሪያ ይደረግበታል። የእርስዎም እንዲያ መስሎኝ ለአቶ ደሳለው "ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ይኼኛው የስለት ነው" አልኳቸው።»

እንግዳው ሳቁን መያዝ አቃተው። «አየሽ ገላነሽ፣ ልጁ ዳጉሳሽን ለሚካኤል ሰጥቶልሻል። ካህናቱን መጠየቅ ነው።»

«አንተ ዝም በል!» ወደ በእውቀቱ ዞረች። «እናትህ ምን እንደምታስር ጠይቄሃለሁ? ጓዳዬ ውስጥ ቆመህ፣ ጠላዬን ጠጥተህ፣ "ይኸ ለምን ሁለት ሆነ?" ማለት ምላስህን ይቆርጠው ነበር? አንዲት ቃል!»

«አጥፍቻለሁ፣ እማማ።»

«አጥፍቻለሁ በማለት ዘር አይለይም!»

ደሳለው እጁን ዘርግቶ ሊያረጋጋት ሞከረ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ትልቅ ሥዕል ነበር፤ በግራ በኩል ቀጭን የዱር ሣር፣ በቀኝ በኩል ጭብጥ ያለ የዳጉሳ ዛላ፣ መካከላቸው ቀስት። «እናቴ፣ እኛም የዚህን እህል ክብር እናውቃለን። ዳጉሳ ከሌላ አገር የመጣ አይደለም፤ ከዚሁ ከእኛና ከጎረቤቶቻችን ደጋ፣ ከዱር ሣር የወጣ ነው። ለጎብኚ ሁሉ ይኸን ነው የምናሳየው።»

ገላነሽ ሥዕሉ አጠገብ ሄዳ ቀስቱን በጣቷ ነካችው። «ይኸስ ምንድን ነው?»

«እሱ ጊዜ ነው። አምስት ሺህ ዓመት ገደማ።»

«ጊዜ ብቻውን ዛላ ይለቅማል?» ጣቷን ከቀስቱ ላይ አላነሣችም። «እዚህ ላይ ሰው ነበረ። ጎንበስ ብሎ የቆመውን ከወደቀው የለየ ሰው። እናንተ ሰውየውን ፍቃችሁ እንጨት ሳላችሁበት! ከዚያ ደግሞ እሱ የለየውን መልሳችሁ ቀላቀላችሁ!»

እስካሁን ለደሳለው እርስዎ ስትል ቆይታለች። አሁን ተወችው። «ስማኝ፣ አንተ። ሁለቱን የሚለያቸው ውሃ ብቻ ነው። ጭብጦ እስከ ስድስት ቀን ትችላለች፤ በሰባተኛው ትተኛለች። የደብሬ አሥር ቀን ትቆማለች። ከዚህ ከረጢት ግማሹን እኔ እወስዳለሁ፤ እጉብታው ላይ እዘራዋለሁ፣ መብላት አለብኝና። ግማሹን እናንተ ከቦዩ ሥር ካለው፣ ውሃ ከሚተኛበት መሬታችሁ ላይ ትዘሩታላችሁ። ውሃውም ይተኛበታል።»

«ሆን ብለን ሰብል እናሰምጥ? ይኸማ የማይሆን ነው። ምን ብዬ ነው ሪፖርት የማደርገው?»

«ቀላቀልኩት ብለህ።»

ደሳለው መነጽሩን አወረደ፣ መልሶ ሰቀለ። «ያ መሬት ለማባዣ የተያዘ ነው።»

«ከአጥሩ ሥር ያለው ቁራጭ አልተያዘም» አለ በእውቀቱ፣ አለቃውን ሳያይ። «ውሃ ይቋጥራል ተብሎ ከተተወ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔ እዘራዋለሁ።»

ደሳለው ማኅደሩን ወደ መደርደሪያው መለሰ። «በራስህ ሰዓት» አለና ወደ ክፍሉ ገባ።

ገላነሽ አላመሰገነችም። ከረጢቱን ለሁለት ስታካፍል አንድ ፍሬ እንኳ መሬት አልወደቀም።

በእውቀቱ ስድስት ረድፍ ዘራ። ሲበቅል አንድ በአንድ ቆጠረው፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ እግር። ሐምሌ ላይ ሁለት ጊዜ አረመው። ነሐሴ አምስት ቀን ርብ እስከ አፉ ሞላ፤ በማግስቱ ውሃው በቦዩ ገብቶ ቁራጩን መሬት ሸፈነው፤ ከዳጉሳው የሚታየው ጫፉ ብቻ ሆነ። ገላነሽ በየሁለት ቀኑ መምጣት ጀመረች። መንገዱ ደህና ሲሆን በባጃጅ፣ ሳይሆን በእግሯ። ትመጣለች፣ አጥሩ ላይ ቆማ ታያለች፣ ለማንም ሰላም ሳትል ትመለሳለች።

በስድስተኛው ቀን ስትደርስ በእውቀቱ ቦት ጫማ አድርጎ በዶማ የቦዩን አፍ ሲከፍት አገኘችው። ውሃው በደለል ቀልቶ እየተንደረደረ ይወጣል።

«ምን ታደርጋለህ?»

ቀና አላለም። «ታዝዤ ነው፣ እማማ። ነገ ከባሕር ዳር እንግዶች ይመጣሉ። በሩ አጠገብ የሰመጠ ሰብል እንዳያዩ አፍስሰው ተባልኩ።»

«ስንተኛ ቀኑ ነው?»

«ስድስት።»

«ሁለቱም የቆሙበት ቀን! ዛሬ ካፈሰስኸው ነገ ሁለቱም ቀና ብለው ይጠብቁሃል። ያን ጊዜ በምንህ ትለያቸዋለህ? በደንባችሁ ነው? ጣት ቆጥረህ ነው?» ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ቦዩ ውስጥ ገባች። ውሃው ጉልበቷን አለፈ። ከዳሩ ላይ ከነሣሩ ጓል እየነቀለች የተከፈተው አፍ ላይ ትጥል ጀመር። የመጀመሪያውን ውሃው ወሰደው። ሁለተኛውንም ወሰደው። «እናንተ ሰዎች ምን አደረግኋችሁ? አንዴ ቀላቀላችሁብኝ፣ አሁን ደግሞ ልለይ ስል ትከፍቱብኛላችሁ!» ሦስተኛውን በእግሯ ረግጣ ያዘችው፤ አዳልጧት እስከ ወገቧ ገባች፤ እግሯን ግን አላነሣችም።

ከበረንዳው የደሳለው ድምፅ መጣ። «በእውቀቱ! ምንድን ነው እሱ? አስወጣት!»

በእውቀቱ አለቃውን አየ። ዶማውን ወደ ዳሩ ወረወረና ቦዩ ውስጥ ዘለለ። ትልቅ ጓል በደረቱ አቅፎ አፉ ላይ ጣለ።

«ወደ ታች አድርገህ ርገጠው እንጅ!» አለችው ገላነሽ። «ግድግዳ አትለስንም! ርገጠው!»

ረገጠው። እስኪዘጋ ድረስ ሁለቱም ጓል እየጣሉ ረገጡ።

እንግዶቹ በማግስቱ መጡ። በሦስተኛው ቀን የባሏ ወንድም እንግዳው ከወረታ ገበያ ሲመለስ ሳቅ እያፈነው ነገራት። «ደሳለውሽ ምን እንዳለ ሰማሽ? እንግዶቹን እዚያ ቁራጭ መሬት ላይ አቁሞ "ይኸ የኛ የውሃ ሙከራ ነው፣ እኔ ያቀድኩት" ብሏቸዋል። ፎቶ ሁሉ አነሡት።»

ገላነሽ ያን ቀን እራቷን አልበላችም።

ውሃው በአሥረኛው ቀን ጎደለ። ጭቃው ላይ የተኛው ዳጉሳ እንደ ተላጨ ጠጉር ተጣብቆ ነበር። በእውቀቱ ከአንዱ ዳር፣ ገላነሽ ከሌላው ዳር ተነሥተው ረድፉን እየተከተሉ ቆጠሩ። ከተኙት መካከል ከአንጓቸው ሥር ሰድደው እንደገና ጫፋቸውን ያቀኑ ነበሩ፤ በእውቀቱ ሊቆጥራቸው ሲል ከለከለችው። «እሷ ወድቃ የተነሣች ናት። እኔ የምፈልገው ያልወደቀችውን ነው።» የወደቁትን ሁሉ ያንኑ ዕለት በእጃቸው ነቀሉ፤ ቆሞ የቀረው ሠላሳ አንድ እግር ነበር።

ኅዳር ላይ ዳጉሳው ደረሰ። በእውቀቱ ማጭድ ይዞ ሊገባ ሲል በእጇ አስቆመችው፤ ብቻዋን ገባች። ዛላውን አንድ በአንድ ቆርጣ ነጠላዋ ላይ አኖረች። ስትወጣ በልቧ አሰበች። ይኸ ለከርሞ አንድ ትንሽ መደብ ይሞላል። እሱም እንደገና ውሃ ማየት አለበት፤ ከሠላሳ አንዱ መካከል ስንቱ ጭብጦ እንደሆነ ማን ያውቃል? ማሳዋን የሚሸፍን ንጹሕ ዘር ለማግኘት ሦስት ዓመት ያስፈልጋል፤ ያውም ውሃው በየዓመቱ ልክ ከሆነ። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው።

«ሦስት ዓመቴን ወሰዳችሁ» አለችው።

በእውቀቱ ራሱን ዝቅ አደረገ። ቆይቶ ግን፣ «እማማ፣ ትንሽ ዛላ ለማከማቻው ቢተዉልን?» አለ።

«ለማከማቻው!» ድምፅዋ ከአጥሩ ወዲያ ተሰማ። «ደግሞ ለዚያ ሰውዬ ፎቶ?»

«እንደ ካቻምናው ቤትዎ ቢናድስ? ሌላ ቦታ ከሌለ ከየት እናገኛታለን?»

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ስድቡ ግን አልመጣላትም፤ ያለው እውነት ነበርና። ይኸ ደግሞ ከሁሉ በላይ አናደዳት፤ ይህ ልጅ፣ ይህ ማሰሪያ መጠየቅ ያቃተው ልጅ፣ አሁን ትክክል መሆኑ።

«ከረጢት ውስጥ አትገባም» አለች በመጨረሻ። «እዚሁ ቁራጭ ላይ፣ በየዓመቱ፣ አንተ ራስህ ትዘራታለህ። ውሃ ሲመጣ ቦይ አትከፍትም። እኔም እየመጣሁ አያለሁ። መደርደሪያ ላይ ያየኋት ቀን ግን፣ እናትህን ጠርቼ ፊቷ ላይ ነው የምሰድብህ።»

«እሺ።»

ተቀመጠችና ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ዛላዎቹን እያነሣች፣ እያየች፣ እየመለሰች ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያም አምስት ዛላ መርጣ ሰጠችው፤ ከሁሉም ትንንሾቹን።