ከማኅተሙ በፊት

"ሞቷል ብያለሁ" አለ ዑበይዱላህ። "አባ ሞቷል ብዬ አስመዝግቤያለሁ።"

ኢቲሳም ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል እንዳጣበቀች የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ክዳን ዘጋች። ሐይቅ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የጽሕፈት ሥራ ቤት ሁለት ደንበኞች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ወንድሟ እንግሊዝ ከገባ ስምንት ወር ሆኖታል። በደወለ ቁጥር ስለ ቅዝቃዜው እንጂ ስለ ጉዳዩ አያወራም ነበር።

"የት ነው ያስመዘገብከው?"

"በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ፤ ጥገኝነት እንደጠየቅን ወዲያው የሚደረገው። ልብሴ እንኳ አልደረቀም ነበር፣ ኢቱ። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ መልኩን አላየሁትም። ስምህ ማን ነው፣ በየት መጣህ፣ ከቤተሰብ ማን አለህ፣ ለምን ሸሸህ፤ በቃ። በአጭሩ መልስ፣ ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ ትናገራለህ አሉኝ።"

"ታዲያ አሁን ምን መጣ?"

"ዝርዝሩ ደረሰ። ሐሙስ ነው። ጠበቃዋ የመጀመሪያ ቃልህን የሚደግፍ ማስረጃ ካለህ አምጣ አለችኝ። የመንደሩ ቅሬ ደብዳቤ ይጻፍልኝ። የቀበርነው እኛ ነን ይበሉና ማኅተም ያሳርፉበት።"

"የቅሬው ዳኛ ማን እንደሆነ ረሳኸው?"

"አልረሳሁም። ራሱ አባ ነው።"

"አንተ! ሰውዬው በገዛ ሞቱ ላይ ማኅተም ይምታ?"

"ሐሰት ካገኙብኝ ይመልሱኛል፣ ኢቱ። ባሕሩን ሁለተኛ የማልፍበት ነፍስ የለኝም፣ ወላሂ።"

"የሞተብን እኮ ወንድማችን አብዱልመናን ነው። ያንኑ ብትናገር ምን ነበረበት?"

 

"የላክሁልሽን አንብቢ። የቀረውን አባን ጠይቂው" ብሎ ዘጋ።

የላከው የቃለ መጠይቁን ቅጂ ነበር፤ አምስት ገጽ፣ በእንግሊዝኛ። ኢቲሳም ከክፍሏ አንደኛ እየወጣች የጨረሰች ልጅ ናት፤ የቤተሰቡን ወረቀት ሁሉ የምታነበው እሷ ናት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆመች። አባት፦ ኅዳር 18 ቀን 2014 በጦርነቱ ተገድሏል። እናት፦ በሕይወት አለች። እኅት፦ አንድ። ወንድም፦ የለኝም።

አስተርጓሚው ተሳስቶ ይሆን ብላ ወደ መጨረሻው ገጽ ወረደች። ቃሉ እንደተነበበለትና ትክክል መሆኑን እንዳረጋገጠ ከሚገልጸው ዐረፍተ ነገር ሥር የወንድሟ ፊርማ አለ።

ደብዳቤውን ጻፈችው። በሕይወቷ ሐሰት መሆኑን እያወቀች የጻፈችው የመጀመሪያ ወረቀት ነበር። አትማ ፕላስቲክ ውስጥ ከተተችውና ሱቁን ለባልደረባዋ ለኢልሀም አደራ ብላ ወደ ውጫሌ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። ከውጫሌ መንገዱ እስከሚፈቅድለት ድረስ በባጃጅ ሄደች። የቀረውን ግማሽ ሰዓት በእግሯ ወጣች።

መንደሩ በጧት ጀናዛ ነበረው። ሰዉ ተበትኗል፤ ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው ሜዳ አባቷ ሀሚዱና የቅሬው ጸሐፊ አያሌው የቅሬውን ድንኳን በሁለት ጫፍ ይዘው ያጥፋሉ። አያሌው ክርስቲያን ናቸው። ቅሬው ግን የመንደሩ ነው፤ እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚቀብረው ያው አንዱ ማኅበር ነው።

"እነሆ የከተማዋ ጸሐፊ!" አሉ አያሌው። "ቦታዬን ልትነጥቂኝ መጣሽ?"

"ቦታዎንስ አልፈልገውም፣ ጋሽ አያሌው። እጅዎን ነው የምፈልገው።"

የመጣችበትን በአጭሩ ነገረቻቸው። አያሌው ሳቃቸው አመለጣቸው።

"ዳኛ፣ ሞተሃል አሉ! ታዲያ ያንን ጫፍ ማን ይያዝልኝ?"

ሀሚዱ አልሳቁም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ወረቀቱን ተቀበሉና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። "አቶ ሀሚዱ ከላይ በተጠቀሰው ቀን በታጣቂዎች የተገደሉ መሆኑንና የቀብር ሥነ ሥርዓታቸውን ቅሬያችን የፈጸመ መሆኑን እናረጋግጣለን።"

"ቀኑ የአብዱልመናን ቀን ነው" አሉ።

"ዑበይዱላህ የሰጠው ቀን ነው፣ አባ።"

"ስለ አብዱልመናንስ ምን አለ?"

ኢቲሳም መልሱን ልታለሳልስ ቃል ፈለገች፤ አጣች። "ወንድም የለኝም ብሏል።"

ሀሚዱ የታጠፈው ድንኳን ላይ ተቀመጡ። "አያሌው፣ ማኅተሙን አምጣ" አሉ።

"አበድክ እንዴ? ያልተቀበረ ሰው በዚህ ቅሬ ስም ተጽፎ ያውቃል?"

"ልጄ ይተርፍበታል። እኔ በወረቀት ብሞት ምን ይጎድልብኛል?"

አያሌው እያጉረመረሙ የማኅተሙን ሳጥን ከፈቱ። ኢቲሳም ወንድሟ ስልኩን ከዘጋ ጀምሮ የሸሸችው ጥርጣሬ ሁሉ አባቷ በዚህ ፍጥነት እሺ በማለታቸው ተመልሶ መጣባት። የኮረብታውን ዳር ድንበር ሲዳኙ በአንዲት ስንዝር መሬት የማይዋሹ ሰው ናቸው።

"አባ፣ ዑበይዱላህ አንተን ጠይቂው ብሎኛል። ምንድን ነው የምጠይቅህ?"

ሀሚዱ ቀና ብለው አላዩዋትም።

"አንቺና እናትሽ ዘመድ ቤት ሸሽታችሁ በነበረ ጊዜ ነው። ታጣቂዎቹ ወረቀት ይዘው መጡ። የሚሊሻ ሥልጠና የወሰዱ ልጆች ስም ነው። ዑበይዱላህ ከጎታው ጀርባ ተደብቋል። አብዱልመናን ደጁ ላይ ቆሟል። 'ዑበይዱላህ ሀሚዱ የሚባለው ልጅህ ይኸ ነው?' አሉኝ።"

"ምን አልካቸው?"

"አዎ አልኳቸው።"

አያሌው የማኅተሙን ሳጥን እንደያዙ ቀሩ።

"አይደለም ብል ቤቱን ይፈትሻሉ፤ ሁለቱንም ይወስዳሉ ብዬ። አብዱልመናን አስተማሪ ነው፣ መታወቂያ አለው፤ ነገ ስሙን አይተው ይለቁታል ብዬ። እሱ ዞሮ አየኝ። ቃል አልተነፈሰም። የወንድሙን ስም ይዞ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሚሌ ወንዝ ዳር አገኘነው። ዑበይዱላህ ከጎታው ጀርባ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አላየም።"

"እማስ?"

"መንገድ ላይ እንደያዙት ነው የምታውቀው። እንደዚያው ትወቅ።"

"አይ ዳኛ" አሉ አያሌው ቀስ ብለው። "ይህን ሁሉ ዓመት ለብቻህ?"

ሀሚዱ ማኅተሙን ከእጃቸው ወስደው ቀለሙ ላይ ጫኑት። ኢቲሳም ወረቀቱ ላይ መዳፏን ዘረጋች። ምን እንደምትናገር አላሰበችም፤ አባቷን ከዚህ በፊት ከልክላ አታውቅም ነበር።

"ይኸ ከታተመ አብዱልመናን አልተወለደም ማለት ነው፣ አባ። ያኔ በወንድሙ ስም ተወሰደ። አሁን ደግሞ ሞቱን አንተ ልትወስድበት ነው።"

"ልጄን ከዚያ ይመልሱብኝ ታዲያ?"

"የተፈለገው ዑበይዱላህ ነው። ወንድሙ የሞተው በእሱ ፋንታ ነው። ይኸው እውነቱ ነው፤ ይህንኑ እንጻፍለት።"

"ያምኑታል?"

አዎ ማለት ፈለገች። "አላውቅም" አለች። "መጀመሪያ የተናገረው ሌላ ነውና ላያምኑትም ይችላሉ።"

"ይመልሱትም ይሆናል።"

"ይሆናል።"

ነፋሱ የወረቀቱን ጫፍ ከመዳፏ ሥር ያራግባል። አያሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እውነቱ የሚጻፍ ከሆነ" አሉ፣ "ሦስት ሽማግሌ ሰምቶ ይፈርምበታል። ሕጋችን ነው። ሦስት ሽማግሌ የሰማው ነገር ደግሞ ውጫሌ ገበያ ይደርሳል። አስብበት፣ ዳኛ። ለነገ እናሳድረው።"

"ለነገ ካደረ አላደርገውም።"

ሀሚዱ ማኅተሙን ገልብጠው እርጥቡን ቀለም አዩት። ከዚያ በሽርጣቸው ጫፍ አጥብቀው ጠረጉት፤ ነጩ ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ክብ ቀረ። ማኅተሙን ለአያሌው መለሱ።

"እናትሽን ዙለይሃን ጥሪያት" አሉ ለልጃቸው። "ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ከእኔ አፍ ትስማው።"

እናቷ ከቤቱ ጀርባ የቅሬውን ድስቶች እያጠበች ነበር። ኢቲሳምን ስታይ ፊቷ በራ።

"መጣሽ? ዑበይዱላህ ደወለ? ደኅና ነው?"

ኢቲሳም ጎንበስ ብላ ድስቱን ከእናቷ እጅ ተቀበለች።

"እጅሽን አድርቂና ነይ፣ እማ" አለች። "አባ የሚነግርሽ አለው።"