የአራተኛ ፎቅ ጠንቋይ ድክመቶች

አሳታሚው ድርጅት ረቂቆችን ለአርታኢዋ የሚሰጣት የደራሲው ስም ተሰርዞ ነው። እሷም በአንድ ቅጽ ላይ በአንድ በኩል ጥንካሬውን፣ በሌላው በኩል ድክመቱን ትጽፋለች። ከላይ «ደራሲውን አውቃለሁ» እና «አላውቅም» የሚል ምርጫ አለ። የሚያውቅ ሰው ረቂቁን ሳይገመግም መመለስ ግዴታው ነው።

የዛሬው ልብ ወለድ ከተማ ውስጥ ስለሚኖሩ ጠንቋዮች ነው። አውቶቡስ ይነዳሉ፣ ደረጃ ይወለውላሉ፣ በትርፍ ጊዜያቸው የሰዉን እርግማን ያነሣሉ። አርታኢዋ እስከ ሠላሳኛው ገጽ ድረስ እየሳቀች አነበበችው። ከዚያ የአራተኛ ፎቋ ጠንቋይ መጣች። እርግማን ከልብስ ላይ እያጠበች እጇ ተልጧል፤ ሊፍቱን ደግሞ «ተው የኔ ጌታ፣ ዛሬ እንኳን አታዋርደኝ» እያለች ትለማመጠዋለች።

የአርታኢዋ እናት ናት። ላውንደሪ ስትሠራ በረኪና እጇን የላጣት፣ የሰፈር ልጆች ጠንቋይ የሚሏት፣ ከሞተች ሁለት ዓመት የሆናት እናቷ። አርታኢዋ ገጹን ስትገልጥ ያ የተረገመ ቀንም እዚያው ተጽፏል። የጠንቋይዋ ትልቋ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ደረጃው ላይ ቆማለች፤ እናቷ ከታች ዘንቢል ተሸክማ ስትወጣ «እናትሽ ናት እንዴ?» ይሏታል። «አላውቃትም» ትላለች።

እናቷ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ ስለነበረች አልሰማችም ብላ ይኸው ሠላሳ ዓመት ራሷን አጽናንታለች። ታዲያ ሊሰማት የሚችል ሌላ ማን ነበር? ታናሽ እህቷ ብቻ! ረቂቁን የጻፈችው እሷ ናት።

ደሟ ፈላ። «አላውቅም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገችና ድክመቱን ታወርደው ጀመር። ንግግሩ የተንዛዛ ነው። ፍጻሜው የተጣደፈ ነው። ጠንቋይዋ ጣቷን አወዛውዛ በሽተኛ ታድናለች፤ ይሄ ደግሞ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፣ እናታቸው የገዛ እጇን እንኳ ማዳን አልቻለችም። ስምንት ድክመት ጻፈች። የጥንካሬው በኩል ባዶውን ቀረ። እሱም አላበረዳትም፣ ስልኩን አነሣች።

«ደረጃ ሥር ተደብቀሽ ሰምተሽ ኖሯል፤ ዛሬ መጽሐፍ ልታደርጊኝ?» አለቻት።

እህቷም መለሰችላት። «እታለም፣ እኔ ያን ቀን ኩፍኝ ይዞኝ ተኝቼ ነበር። የነገረችኝ እማዬ ናት፣ ልትሞት ሰሞን። እንዳልነግርሽ አስምላኛለች፤ ትሳቀቃለች ብላ። እኔም አልነገርኩሽም፣ ጻፍኩት። አንቺ እጅ ይገባል ብዬ ነው እናንተ ጋ የላክሁት።»

እናቷ ሰምታ ኖሯል። ሰምታ ነው ያን ምሽት በተላጠ እጇ የልጇን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተኩሳ አልጋዋ ራስጌ የሰቀለችላት።

ንዴቱ አልወጣላትም፤ ዞሮ የገዛ ራሷ ላይ አረፈ። ስልኩን ዘጋችና ቅጹን ሳበች። «አላውቅም» ላይ ያደረገችውን ምልክት ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዘችው፣ ስምንቱንም ድክመቶች እንደዚሁ። በባዶው በጥንካሬው በኩል አንድ መስመር ጻፈች፤ ረቂቁንም ልትመልስ ታቅፋ ወደ አለቃዋ ቢሮ ሄደች። መስመሩ እንዲህ ይላል፦

«ጠንቋይዋን አውቃታለሁ። እናቴ ናት።»