የጥላዬ እጅና ሁለተኛዋ ሚሞሪ

1.

ጥላዬ የተሰደበው ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዳቢው ኢንጂነር ናሆም። ቦታው ደብረ ብርሃን፣ የኮሌጁ ሰርቨር ክፍል በር።

«አንተ ስምንተኛ ክፍል! እጅህን ሰብስብ፤ ይሄ የስልክ እንጨት አይደለም!»

ሦስት ሰዎች ሳቁ። ስማቸውን ጥላዬ አልረሳም፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን አያስፈልጉም።

2.

አንባቢ፣ «አንተ» የምትለዋን ዘለህ እንዳታልፍ። ጥላዬ ናሆምን በሃያ ዓመት ይበልጠዋል። እንጨት ላይ ወጥቶ የስልክ ሽቦ ሲዘረጋ ኖሮ ነው በጥገና ረዳትነት ኮሌጁ የገባው።

3.

አምስት ዓመት አለፈ።

ስድቡ አላለፈም።

4.

ጥር ነው። የመውጫ ፈተናው ነገ በኢንተርኔት ይሰጣል፤ ለኮሌጁ ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው ራውተር ግን ሚሞሪ አንሶት በየሰዓቱ ይዘጋል። ሁለት የሚሞሪ ካርድ ተገዛ። ናሆም አንደኛዋን የሱፍ ሹራቡን እንደለበሰ በባዶ እጁ ጨብጦ ከተታት። በዚያ ብርድ ሹራብ የማይለብስ የለም፤ ሲያወልቁት ጠጥ ጠጥ የሚለውንም እሳት ሕፃን ያውቀዋል። ሰውን ቆንጠጥ ያደርጋል። ሚሞሪን ይገድላል።

ራውተሩ አልነሣ አለ።

5. ንግግሩ፣ እንደተሰማ

ዲኗ ወይዘሮ ትርንጎ፦ ሞተች?

ናሆም፦ ከፋብሪካዋ ነው ችግሩ።

ጥላዬ፦ ከፋብሪካዋ እስከ ሹራብህ ድረስ ደኅና ነበረች።

ትርንጎ፦ (ሳቋን ውጣ) ሁለተኛዋም ብትሞትስ?

ናሆም፦ ሌላ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት።

ትርንጎ፦ ኧረ በማርያም! ሦስት መቶ ተማሪ አለኝ እኮ!

ጥላዬ፦ እኔ ልግጠማት። ከተቃጠለች ነገ መልቀቂያዬን ጻፉልኝ።

6.

ማን አስተማረው? ማንም። መሐንዲሶቹ ከነካርቶኑ የሚጥሉትን የመመሪያ ወረቀት እየለቀመ ሥዕሉን ያጠና ነበር።

7. እንዲህ ይደረጋል

ሹራብህን በር ላይ አውልቅ። ብርዱን ቻለው።

ራውተሩን አጥፋ፣ ገመዱን ንቀል፣ የሞተችውን ካርድ አውጣ።

የሰውነትህን እሳት በሽቦ ወደ ብረት የሚያወጣውን የእጅ ማሰሪያ አንጓህ ላይ አጥብቅ፤ የሽቦውን መቆንጠጫ ቀለም ያልነካው የራውተሩ ብረት ላይ አስነክስ። (ናሆም ይህን ማሰሪያ «አምባር» እያለ ሲያላግጥበት ከርሟል።)

ካርዷን ከብርማ ከረጢቷ በጠርዟ ያዝና አውጣ። ወርቃማ ጥርሶቿን አትንካ።

ስንጥቋን ከማስገቢያው ጉብታ ጋር አግጥም። ሁለቱን ጫፍ እኩል ተጫን። እንቢ ካለች አትታገላት፤ አውጥተህ እንደገና አስተካክል።

ቀጭ።

ቀጭ።

8.

ገመዱ ተሰካ።

አረንጓዴ መብራት።

ወይዘሮ ትርንጎ ዲንነቷን ረስታ እልልታዋን ለቀቀችው። ጥላዬ አልሳቀም፤ ደረቱ ግን ሸሚዙን ወጠረው።

ናሆም የሥራ ማረጋገጫ ቅጽ ይዞ ጠጋ አለ።

«ጋሽ ጥላዬ… ቅጹ መሐንዲስ ነው የሚለው። የእኔን ስም ልሙላበት ወይስ የእርስዎን?»

ጥላዬ ማሰሪያውን ፈታ፣ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፣ ናሆምን አንዴ ከእግር እስከ ራሱ አየውና ወጣ።

9.

ካርዱን የገጠመው መሐንዲስ ስም፦ ______________