ስትቀጂ በሩን አትዝጊ

መምህሯ ትምህርቷን የምትቀዳው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ሰው ቢሰማ ይስቅ ይሆናል፤ እሷም መጀመሪያ ላይ በራሷ ስቃለች። ቤታቸው ግን የአውቶቡስ መቆሚያው አፍ ላይ ነው፤ ጥሩምባና ጩኸት የማይደርስበት ጥግ ቢፈለግ ከካፖርቶቹና ከብርድ ልብሶቹ መሐል በቀር አይገኝም። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ተኮራምታ፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ በሩን ከውስጥ ስባ ትዘጋና ስለ ጥንት መንግሥታት አነሳስና አወዳደቅ ታወራለች።

ችግሩ እናቷ ናት። መምህሯ ገና "እንደምን ሰነበታችሁ ተማሪዎቼ" ከማለቷ እናት ሆዬ ድምፅ ሳታሰማ ትመጣና የቁም ሣጥኑን በር ገርበብ አድርጋው ትሄዳለች። ጥሩምባው ይገባል፣ ቅጂው ይበላሻል፣ ልጅ ትቆጣለች። እናቷ "አየር ይግባልሽ ብዬ ነው" ብላ ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። ይህች ሴት የተዘጋ በር ማየት አትወድም። የመኝታ ቤቱም፣ የጓዳውም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና የመታጠቢያ ቤቱም በር እሷ ባለችበት ተዘግቶ አያውቅም። ሌላም አመል አላት፤ ሻሿን ቤት ውስጥ እንኳን ከራሷ አታወርድም። ከሻሹ ስር የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ እንደሌለ የምታውቀው ልጇ ብቻ ናት። በልጅነቴ የፈላ ዘይት ተደፍቶብኝ ነው ብላ ነግራታለች፤ ልጅም አምና ነገሩን ትታዋለች።

የትምህርት ቤቱ የታሪክ መጽሐፍ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ለተደረደሩት ልጆች ሁሉ አንድ ነው፤ እሱም ሽፋን የለውም። መምህሯ ከኢንተርኔት ነፃ ቪዲዮ እያወረደች ማሳየት የጀመረችው በዚህ ምክንያት ነው። ልጆቹ ወደዱት። እየቆየ ግን አንድ ነገር ከነከናት፤ ተማሪዎቿ ወደ ሩቅ አገር ንጉሥ መቃብር በስንት ደረጃ እንደሚወረድ ያውቃሉ፣ ከትምህርት ቤታቸው አጥር ጀርባ ያለው የጠቆረ ግድግዳ ግን ምን እንደሆነ አያውቁም። እናም የሰፈሩን ታሪክ ራሷ ቀድታ በነፃ መልቀቅ ጀመረች። በየቪዲዮው መጨረሻ የማትተዋት አባባልም አለቻት፦ "ያየ ይናገር፤ የተናገረ ምንጩን ይጥቀስ።" ልጆቹ ይቀልዱባታል። እርሳሱን ያጣ ሁሉ የተጠረጠረውን ጓደኛውን አፋጦ "ምንጭህን ጥቀስ" ይለዋል።

የጠቆረው ግድግዳ የክር ፋብሪካው ነው። እሷ ሳትወለድ ተቃጥሎ ብዙ ሴቶች አልቀውበታል። ስለ እሱ የሚያወራት ሰው ስትፈልግ ያገኘችው አባባን ነው። አባባ ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሚስማርና ማጠፊያ፣ ቀለምና ጓጉንቸር የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ለትምህርት ቤቱ የቪዲዮ ማሳያውን የለገሱት እሳቸው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይወዳቸዋል። እናቷ ብቻ አምፖል እንኳን ሲቃጠልባት ሌላ ሰፈር ድረስ በእግሯ ሄዳ ትገዛለች። አባባ ድሮ የፋብሪካው የፈረቃ ኃላፊ ነበሩ። ለመምህሯ ሻይ አስመጥተው በእርጋታ አጫወቷት። እሳቱ የተነሳው ከኤሌክትሪክ ገመድ ነው፣ በሩ ክፍት ነበር፣ ሴቶቹ ግን ቦርሳችንን ካላወጣን ብለው ተመለሱ አሏት፤ ይህን ሲሉ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። እሷም የነገሯትን እንዳለ ቀዳችው። "በሩ ክፍት ነበር" አለች፣ የቁም ሣጥኑን በር ዘግታ።

በማግስቱ ከቪዲዮው ስር "ባለክር" የሚባል ሰው አስተያየት ጻፈ። "በሩ ክፍት አልነበረም" ይላል። መምህሯ ደስ አላት፤ የሚከራከራት ሰው ስታገኝ ትወዳለች። ትንሽ ቆይቶ ያው ሰው "ከውጭ ተቆልፎ ነበር" አለ። ይኼም አላስከፋትም፤ እንዲያውም ልትጠይቀው አስባ በፈተና እርማት ምክንያት ረሳችው። ከዚያ ስለ አሮጌው ፖስታ ቤት በቀዳችው፣ ከእሳቱ ጋር ምንም በማይገናኘው ቪዲዮ ስር፣ ባለክር እንደገና ብቅ አለ።

"ስትቀጂ በሩን አትዝጊ።"

ይህን ያነበበችው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። የያዘችው ጠመኔ ከእጇ ወደቀ። ቁም ሣጥን ውስጥ እንደምትቀዳ ለነፍስ አልተናገረችም፤ ታፍራለቻ። በቪዲዮዎቹ ላይ የሚታየው ፎቶና ሥዕል ብቻ ነው፣ በር የለም። እና ይህ ሰው በሩን ከየት አየው? መቼስ ፍርሃት አንዴ ከገባ ቤት ይሠራል። ወደ ቤቷ ስትሄድ መቆሚያው ላይ ጋዜጣ የዘረጋውን ሰውዬ ጠረጠረች፣ ጫማ የሚያስጠርገውን ጠረጠረች፣ አልፋው ስትሄድ "ደህና ዋልሽ" ያላትን ጎረቤቷን ጠረጠረች። ቤት ገብታ መጋረጃውን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ቁም ሣጥኑን እንኳን ከፍታ ካፖርቶቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። እናቷ በአሮጌው ስልክ ላይ አንድ ጣቷን እያንከራተተች ለእህቷ ትጽፍ ነበርና ቀና ብላ ምን ሆነሽ ነው አለቻት። ምንም አልሆንኩም አለች። አሮጊት እናትን ማስፈራራት ምን ይጠቅማል?

የምታማክረው ሰው ስትፈልግ ትዝ ያሏት አባባ ናቸው። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይባል የለ። ሱቃቸው ሄዳ ስልኩን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱንም መልእክት አነበቡ፤ መነጽሩን አውልቀው ወለወሉና እንደገና አነበቡ።

"ማን ነው ይኼ?" አሏት።

እንደማታውቅ፣ እንደፈራችም ነገረቻቸው። እናቷን ብቻዋን ትታ ሥራ መሄድ እንዳስጨነቃትም ነገረቻቸው።

"እንግዲያ ጠይቂዋ ልጄ። ምንጭ ጥቀሱ የምትይው አንቺው አይደለሽ? የት ቆሞ እንዳየ ይንገርሽ።"

ብልህ ምክር መሰላት። ለበሩ ጠንካራ ጓጉንቸር እንዲሰጧት ጠየቀች። ከመደርደሪያው ሊያነሱላት ሲችሉ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ቆዩ፤ ከነማሸጊያው ሳይሆን ከማሸጊያው አውጥተው፣ ቁልፉን ሰክተው አመጡላት። ሒሳቡንም አልቀበልም አሉ። አመስግና፣ ዕድሜና ጤና ተመኝታላቸው ወጣች።

ጠዋት ከቤት ሳትወጣ ጥያቄውን ጻፈች፦ "የት ሆነው አዩ? ምንጭዎን ይጥቀሱ።" እናቷ ገና አልነቃችም። ብትነቃ በሩ ይቆለፍ ሲሏት ቤቱን ቀውጢ እንደምታደርገው ልጅ ታውቃለች። ስለዚህ በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ወጣችና ጓጉንቸሩን ከውጭ አስገብታ ቀስ ብላ ተጫነችው። ለአንድ ቀን ነው፣ ለደኅንነቷ ነው እያለች ለራሷ ሰበብ ስትደረድር ትምህርት ቤት ደረሰች።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ልጆቹ በጨለመው ክፍል ቪዲዮ ሲያዩ፣ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ በራ። ባለክር መልሷል። ልጆቹ እንዳያዩዋት ዞር ብላ አነበበች።

"ሦስተኛው መስኮት ስር ነበርኩ።"

ቀጥሎ ሌላ መጣ። "ደወል ሳይደወል ማንም እንዳይወጣ የሚቆልፈው የፈረቃ ኃላፊው ነው። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር።"

ቀጥሎም፦ "በመስኮቱ ወጣሁ። የቀኝ ጆሮዬ ጫፍ እዚያ ቀረ።"

ያንን ጆሮ በልጅነቷ በጣቷ እየነካካች እንቅልፍ ወስዷታል። ዘይት የለም፣ ዘይት ኖሮም አያውቅም። የተዘጋ በር የማይወደው ሰው ማን እንደሆነ፣ የቁም ሣጥኑን በር የሚያውቀው ማን እንደሆነ አሁን ገባት። ልቧ ሊረጋጋ ሲገባው ባሰበት፤ ምክንያቱም ስልኩ እንደገና በራ።

"ልጄ በሩ ተቆልፏል። ክፈቺልኝ።"

ክፍሉን ለማን ትታ እንደወጣች አታስታውስም። እየሮጠች ነው ሌላው ነገር የመጣባት። አዲስ ጓጉንቸር ሲሸጥ በሽቦ የታሰሩ ሁለት ቁልፎች አሉት፤ ይህን ማን የማያውቀው አለ? ለእሷ የተሰጣት አንድ ነው። መልእክቱን ደግሞ እናቷ የጻፈችው ዓለም ሁሉ በሚያየው ቦታ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ያ የፈረቃ ኃላፊ ጠይቂው ብሎ የመከራትን መልስ እየጠበቀ ያነበዋል። ያቺን አሮጊት በገዛ እጇ ቆልፋ፣ ሁለተኛውን ቁልፍ እሱ እጅ ትታለች። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። እማዬ እማዬ እያለች ሮጠች።

ሱቁ ክፍት ነው። ሽማግሌው የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ማንም የለም።

የቤታቸውን ደረጃ ወጣች። ጓጉንቸሩ አፉን ከፍቶ ማንጠልጠያው ላይ ተንጠልጥሏል፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ለመግባት ፈራች። በዕድሜዋ እንዲያ ፈርታ አታውቅም። በጣቷ ጫፍ ገፋችው።

እናቷ በሩ ስር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፣ ፀጉሯ በላብ ተለጥፏል፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ተልጦ ደም አዝሏል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም። መምህሯ ከጎኗ ተደፍታ አቀፈቻት፤ ይቅር በይኝ ለማለት አፏን ብትከፍት የወጣው ሌላ ነው።

"ማን ከፈተልሽ?"

"እሱ።"

"ነካሽ? ምን አለሽ?"

"'በሩ ሲደበደብ ሰማሁ' አለኝ።" እናቷ ትንፋሿን ሰበሰበች። "ከመንገድ ማዶ ሆኖ ሰማ። ያኔ ከበሩ አጠገብ ነበር የቆመው።"

ቀሪውን በቁርጥራጭ ነገረቻት። በሩን ከፍቶ ጆሮዋን አይቷል። ይኼው ከፈትኩልሽ፣ የጻፍሽውን አጥፊው ብሏታል። ካላጠፋሽው ደግሞ ብሎ ሳይጨርስ ቁልፉን አሳይቷት፣ ኪሱ ከትቶት ወርዷል። አልመታትም፣ አልጮኸባትም። መምህሯን ይበልጥ ያስፈራት ይህ እርጋታው ነው።

"ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?" አለች እያለቀሰች። "በአንድ ቤት እየኖርን!"

"አንቺ የማታውቂውን ሰው ሁሉ ትጠይቂያለሽ። እኔን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?"

ስልኳን አወጣች። ቪዲዮውንም፣ አስተያየቶቹንም፣ ሁሉንም አጠፋዋለሁ አለች፤ ታሪክ ይቅር፣ ቤትም እንቀይራለን፣ እናት ትበልጣለች። ጣቷ ግን ማጥፊያው ላይ ሳያርፍ እናቷ እጇን ያዘቻት።

"ፈርቻለሁ" አለች እናቷ። "ብታጠፊውም መፍራቴ አይቀርም። ይኼን ሁሉ ዘመን ዝም ብዬ ፍርሃቱ መች ተወኝ?"

መምህሯ ተነስታ በሩን አየች። ብትዘጋው እናቷ በፍርሃት ትሞትባታለች፤ ጓጉንቸሩ ደግሞ የሚቆልፈው ከውጭ ነውና እሱን የሚከለክለው የለም። ብትከፍተው ደረጃውን የሚጠብቅ የለም። ወንበር ጎትታ ደፉ ላይ አኖረችና እናቷን አስቀመጠቻት፤ እሷ ደረጃው ራስ ላይ ተቀመጠች፣ ማንም ወደ እናቷ ለመድረስ እሷን መርገጥ እንዲኖርበት። ስልኩን ወደ እናቷ አዙራ በቀጥታ የሚተላለፈውን ተጫነች። "እንደምን ሰነበታችሁ ተማሪዎቼ" ልትል ነበር፤ ትታው ስልኩን ወደ እናቷ አስጠጋች።

እናቷ ሻሿን መልሳ አስራ ጀመረች። መጀመሪያ የፈረቃዋን ሰዓት ተናገረች፣ ከዚያ አጠገቧ ትሠራ የነበረችውን ሴት፣ ከዚያ በሩን። ከታች የአውቶቡሱ ጥሩምባ ይገባል፤ ማንም ቅጂው ተበላሸ አላለም። ያለ መምህር የቀሩት ልጆች ስልክ ለስልክ ተጠራርተው ኖሮ አንድ በአንድ ሲገቡ ቁጥሩ ይጨምር ጀመር።

ከደረጃው ግርጌ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሽማግሌው ወደ ሱቁ ተመልሶ ስልኩን ዐይኑ ድረስ አስጠግቶ ይዟል። ከዚያ ስልኩን አስቀመጠ፣ ተነሳ፣ መንገዱን ለመሻገር ግራ ቀኙን አየ። መምህሯን ሽሽ ሽሽ አላት። እጇ ግን ስልኩን እንደያዘ ነው።

ከሥር አንድ አስተያየት ብቅ አለ፤ ከተማሪዎቿ አንዱ ነው፣ እንዳስለመደችው። "እማማ፣ ምንጭዎን ይጥቀሱ" ይላል። መምህሯ አነበበችላት።

እናቷ ሻሿን ፈታች፤ ቀኝ ጉንጯንም ወደ ስልኩ አዞረች።