ዓሣ መራጯ

ዙለይሃ ከጃፓን የተመለሰች ሰሞን ሐይቅ ከተማ ያገኛት ሰው ሁሉ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነበር። «ዘጠኝ ወር ሙሉ ምን ተማርሽ?»

«ዓሣ መምረጥ» ስትል ይስቁባታል። አርባ ዓመት መረብ የጣሉት አባቷ ጋሽ አሊ እንኳ «ኧረ በአላህ፣ እሱንማ እኔ አስተምርሽ ነበር» አሏት።

የዓሣ እርባታ ባለሙያ ሆና የምትሠራበት ማኅበር ነው ለሥልጠና የላካት። የደረሰችው ተራራ ላይ ያለች፣ ወጣቶቿ ወደ ከተማ ወርደው ያለቁባት መንደር ነበረች። አስተማሪዋ ያማዳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ነጭ ገላቸው ላይ ቀይ ጣል ጣል ያለባቸው የጌጥ ዓሣዎች ያረባሉ። ከአንዲት እናት ዓሣ እልፍ ጫጩት ይፈለፈላል፤ ለገበያ የሚበቃው ግን እፍኝ አይሞላም። ስለዚህ ጫጩቶቹ የጥፍር ያህል ሲሆኑ በነጭ ሳህን እየተቀዱ ይለያሉ። ድፍን ነጩ ይወጣል፣ ድፍን ቀዩ ይወጣል፣ አፉ የተጣመመው ይወጣል። ቀዩ ከነጩ ጥርት ብሎ የተለየው ብቻ ይቀራል።

ያንን ጥርት ያለውን ማየት ነው ጭንቁ። የመጀመሪያ ቀን ከጠዋት እስከ አስር ሰዓት አጎንብሳ ስትመርጥ ዋለች። ያማዳ መጡ፣ የለየቻቸውን ጎንበስ ብለው አዩ፣ ከዚያ ሁሉንም ያልተለዩት ወዳሉበት መረብ መልሰው ደፏቸው። «ሞ ኢቺዶ» አሉ። እንደገና ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ከአፋቸው የሰማችው ይህንኑ ብቻ ነው።

ሌላ የሚያናግራትም አልነበረም። መረብ በሚሰቀልበት ጎጆ ጥግ ብቻዋን ትሰግዳለች፣ ሩዝና እንቁላል ትበላለች፣ ትተኛለች። የገዛ ድምፅዋ ሲናፍቃት ዓሣዎቹን «አብሽሩ» ትላቸዋለች።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ እጇ ውሃ ውስጥ እንዳለ ስልኳ ጮኸ። አባቷ ናቸው። ሰላምታውን አስረዘሙባት።

«አባየ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«እኔስ ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ። ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው። ሙዓዝ ትናንት ውጫሌ ኒካሕ አሰረ።»

ሙዓዝ እጮኛዋ ነበር። ስትሄድ ኮምቦልቻ ድረስ ሸኝቶ፣ ሻንጣዋን ተሸክሞ፣ «እጠብቅሻለሁ» ብሏት ነበር።

«አብሽሪ ልጄ» አሉ አባቷ።

«እሺ አባየ» አለችና ስልኩን ዘጋችው። አላለቀሰችም። የምትሄድበት ስላልነበራት ሳህኑን መልሳ ነከረች። ምሳም አልበላችም።

አስር ሰዓት ላይ ያማዳ መጡ። ረጅም ጊዜ አዩ። አንዷን ብቻ በጣታቸው ለይተው አወጡ፣ የቀሩትን ለተመረጡት ወደተዘጋጀው ንጹሕ ኩሬ ለቀቋቸው። «ኢይ» አሉ፤ ጥሩ ማለት ነው። ቀና ብለው ፊቷን አዩ። ወደ ቤት ገብተው አንድ ሲኒ ሻይ ይዘው መጡና ድንጋዩ ላይ አስቀምጠውላት ሄዱ። ሲኒውን በሁለት እጇ እንደያዘች ሻዩ ቀዘቀዘ።

ዛሬ ዙለይሃ ሁለት ኩሬ አላት። የጌጥ ዓሣዎቿ ጎርፍ ወስዷቸው የሐይቁን ዓሣ እንዳይጎዱ ብላ ከሐይቁ አርቃ ነው ያስቆፈረቻቸው። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ሆቴሎች ለግቢያቸው ይወስዱላታል፤ ሥራው ሰምሮላታል። የሚያግዛት ግን አላገኘችም። የአክስቷ ልጅ ሰሚሃ ሁለት ቀን ሞክራ «ሁሉም አንድ ናቸው፣ ዓይኔን አጠፋሽው» ብላ ተወችው።

ባለፈው ሐሙስ አባቷ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ሳህኑን አስጠጋችላቸው።

«የቱ ነው የሚቀረው?»

መነጽራቸውን አስተካክለው ድፍን ቀዩን አመለከቱ።

«ለምን እሱን?»

«ያምራላ!»

ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ልታሳያቸው ሞከረች፤ የቀዩን ዳር፣ ከነጩ የሚገናኝበትን። ዓይናቸውን አጥብበው ብዙ ታገሉ። በመጨረሻ «ለእኔ ሁሉም ዓሣ ነው ልጄ፤ የአሱር ሶላት ሳያልፈኝ ልሂድ» ብለው ትከሻዋን ተደግፈው ተነሡ።

አስፋልቱን እስኪሻገሩ አየቻቸውና ወደ ሥራዋ አጎነበሰች። ከአምስተኛው ይሁን ከስድስተኛው ሳህን አንዲት ወጣች፤ የቀዩ ዳር በምላጭ የተቆረጠ የሚመስል፣ እንዲህ ያለች ጃፓን እንኳ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየችው። ዙለይሃ ሳህኑን ይዛ ብድግ አለች፤ የምታሳየው ሰው ፍለጋ ግራ ቀኟን አየች። መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ አለፈ። ትንሽ ቆማ፣ ተመልሳ ቁጢጥ አለችና ዓሣዋን ቀስ ብላ ወደ ተመረጡት ኩሬ ለቀቀቻት።