የአቶ ዌንደል ቀይ መብራት

አቶ ዌንደል ስትራውብን በአንድ የአሜሪካ ግዛት ምክር ቤት ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው ጥቂት ነው። ሌላው «አቶ እምቢ» ነው የሚላቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የገበሬ ወረዳቸውን ወክለው ሲቀመጡ፣ ግብር ይጨመር ሲባል እምቢ፣ መንግሥት በሰው ጓሮ እጁን ያስገባ ሲባል እምቢ ብለዋል። ከሪፐብሊካኖቹ መካከል እንኳ እንደሳቸው ያለ ወግ አጥባቂ አልተገኘም። ቅጽል ስሙን ወደውታል።

እያንዳንዱ አባል ጠረጴዛው ላይ ለድጋፍ አረንጓዴ፣ ለተቃውሞ ቀይ ቁልፍ አለው፤ ሲጫነው ሰሌዳው ላይ ከስሙ ጎን ያው ቀለም ይበራል። ሰው ወጣ ካለ ጎረቤቱ ይጫንለታል። ደንቡ ይከለክላል፤ ግን ሁለቱም ፓርቲዎች ስለሚያደርጉት ማንም ማንንም አይከስም። «ጣቴን ለማንም አላውስም» የሚሉት ሽማግሌው ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን የቀረበው ሕግ የነዳጅ ቧንቧ ኩባንያ ባለቤቱ ባይፈቅድም እርሻ እንዲወስድ የሚያስችል ነው። ያመጣው የራሳቸው ፓርቲ ነው። ኩባንያውም ምክር ቤቱ ግቢ ውስጥ ሥጋ እየጠበሰ አባላቱን ምሳ ጋብዟል።

አቶ ዌንደል ግብዣውን ትተው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ሎሪን ቮገል እየጠበቀቻቸው ነበር፤ በወጣትነታቸው ለጋብቻ ጠይቀዋት እምቢ ያለቻቸው ሴት። ቧንቧው የሚያልፈው ባሏ በተቀበረበት እርሻዋ ላይ ነው።

«ዌንደል፣ ስመርጥህ የኖርኩት ስላማርከኝ እንዳይመስልህ!»

«እሱንማ ያኔ ነግረሽኛል። እኔ ቆሜ አያልፍም፤ አንገቴን ለካራ!»

ሎሪን ግን ዓይኗ ግድግዳው ላይ አዳራሹን በሚያሳየው ቴሌቪዥን ተተክሎ ቀረ። ክርክሩ ሳይታሰብ ተቋርጦ ድምፅ ተሰጥቷል። ሕጉ በጠባብ ልዩነት አልፏል።

«ያ ያንተ ስም አይደል?» አለች። «አረንጓዴ ነው።»

ሽማግሌው ደም ሥራቸው ተገተረ። ከዘራቸውን መሬት እየመቱ አዳራሹ ገቡ። ጎረቤታቸው ወጣቱ ክሌይ ሃቶ ፈገግ ብሎ ጠበቃቸው።

«ስላልነበሩ ረዳሁዎት። የፓርቲያችን ሕግ አይደል?»

«ልጄ፣ ያንን ጣትህን ከኪስህ እንዳታወጣው!»

ድምፅ ማጉያውን ያዙ። «በሩ ተዘግቶ ስም እየተጠራ ድምፁ ይጣራልኝ! አዳራሹ ውስጥ ያልተገኘ ሰው ድምፁ ይሰረዝ።»

በራሱ ፓርቲ ላይ እንዲህ የጠየቀ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። አፈ ጉባኤው ፖመሮይ ከመድረኩ ወርዶ አጠገባቸው ጎንበስ አለ።

«አቶ ዌንደል፣ ይተዉት። የኮሚቴ ሰብሳቢነትዎ ዛሬ ያበቃል። በምርጫው ሰው እናቆምብዎታለን።»

«አቁሙ! ረዘም ያለ ይሁን፤ ዓይኔ ደክሟል፣ እንዲታየኝ።»

በሩ ተዘጋ። ስም ሲጠራ አረንጓዴ ከበራባቸው ወንበሮች ብዙዎቹ ባዶ ሆነው ተገኙ። ሥጋ በሊታዎቹ አገጫቸውን ሳይጠርጉ መጥተው በሩን ይደበድቡ ጀመር፤ የሚከፍትላቸው ጠፋ። ዓይን ያወጣ ነገር በቀን ብርሃን ታየ።

«ስትራውብ!»

«አለሁ። ጣቴም አለች። እምቢ!»

አረንጓዴው መብራት ጠፍቶ ቀዩ በራ። ሕጉ ወደቀ።

ከሰዓት በኋላ ቢሯቸውን ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው ክፍል ጎን አወረዱት። ሎሪን ካርቶናቸውን ስታግዝ አንገቷን ደፍታ ነበር።

«በእኔ ጣጣ አዋረዱህ። ነገም እንደገና ያመጡታል።»

«ያምጡት።»

«አንተ ሽንት ቤት ስትሄድ ጠብቀው ቢያሳልፉትስ?»

አቶ ዌንደል ሳቁ። ሴትየዋ ግን እውነቷን ነው።

በማግስቱ ሕጉ ተመልሶ መጣ። ክርክሩን ሆን ብለው አስረዘሙት፤ ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ጀምበር አዘቀዘቀች። ሽማግሌው ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሱም። ከንፈራቸው ደርቆ፣ ሎሪን የቋጠረችላቸውን ዳቦ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ጣታቸውን ከቀዩ ቁልፍ ሳያነሱ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ክሌይ ሃቶ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቷል።