ንስሩ ጣሪያ የወጣ ዕለት

ሰፈርተኛው "ንስሩ" እያለ የሚጠራው የጣሪያ ተቆጣጣሪ አንድ ጉድ ነበረበት፤ ከፍታ ይፈራል። ትንሽ ፍርሃት እንዳይመስላችሁ። አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ መቆም ሲኖርበት እንኳ ሚስቱን የሚጠራ ሰው ነው። ታዲያ ከፍታ እየፈራ የጣሪያ ተቆጣጣሪ እንዴት ይሆናል ብትሉ፣ አንገት ካለ ይቻላል። መሰላሉን ሁለት እርምጃ ያህል ይወጣል፤ አንገቱን እንደ ግመል ያሰግጋል፤ ግንባሩን ቋጥሮ ላይ ላዩን ያያል። ከዚያ ሠሪውን ይጠይቃል።

"ሚስማሩ በልኩ ነው?"

"በልኩ ነው!"

"ከሥር ያለው ወረቀት ድርብ ነው?"

"ድርብ ነው!"

"አልፏል!"

ቁጥጥር ማለት ይኸው ነበር። ጣሪያ ሠሪዎቹም ከጊዜ ብዛት ጥያቄውን እንደ ሰላምታ ቆጠሩት። "እንዴት አደርክ?" ሲባል "አላደርኩም" የሚል ማን አለ? "ድርብ ነው?" ሲባልም "ድርብ ነው" ይባላል። ጨዋነት ነዋ።

በዚህ ጨዋነት ማንም የማይደርስበት ደግሞ የገዛ ልጁ ባል ነበር። ጣሪያ ሠሪ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁ የፈጠነ። ለሕፃን ልጁ ብሎ ከቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ቀጠለና የአስፋልት ንጣፍ አለበሳት፤ ያንን ሬንጅ የጠጣውን፣ ደቃቅ ጠጠር የተነሰነሰበትን፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተደራረበ በሚስማር የሚመታውን። ማማሩስ ምን ይወጣለታል! ነገር ግን ይህ ንጣፍ የሚወደው ውሃ እየሮጠ የሚወርድበትን ቁልቁለት ነው። የክፍሏ ጣሪያ ደግሞ ለጥ ያለ፣ ተዳፋቱ ለስሙ ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ላይ ውሃው ሲንቀራፈፍ ነፋስ ሽቅብ ይገፋውና ከንጣፉ ሥር ያስገባዋል። ለዚህ ነው ከሥር የሚነጠፈው ሬንጃም ወረቀት ድርብ መሆን ያለበት። ንስሩ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ የሚጠይቀውም ለዚሁ ነው። መልሱን ማጣራት ላይ ነው የሚሰንፈው።

የክፍሏ ቁጥጥር ቀን ንስሩ እንደ ልማዱ ሁለት እርምጃ ወጥቶ አንገቱን አስግጎ፣ ከአማቹም "ድርብ ነው" የሚለውን መልስ ተቀብሎ "አልፏል" ሊል ሲል፣ ልጁ ሕፃኑን ታቅፋ ብቅ አለች። ሕፃኑ ደረቱ ደካማ ነው፤ ባለፈው ክረምት እርጥብ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰው። አልጋው አዲሱ ክፍል ውስጥ ተዘርግቶለታል፤ ዛሬ ሊገባበት ነው።

"አባዬ፣ ለሌላው እንደምታደርገው አታድርግብኝ። ወጥተህ በእጅህ ዳብሰህ ንገረኝ። አንተ ደህና ነው ካልክ አስተኛዋለሁ።"

"እዚህም ሆኜ ይታየኛል እኮ ልጄ።"

"ከዚያማ ጨረቃም ይታያል። ውጣ!"

ይህን ጊዜ ጎረቤቷ፣ ያቺ ነገር የማያመልጣት ልብስ ሰፊ፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች። "ይውጡ እንጂ ጋሼ! ለንስር መሰላሉስ ምን ያደርግለታል?"

ወጣ። አወጣጡን ተዉት፤ በየእርምጃው አንድ አንድ ስለት ተስሏል። ጣሪያው ላይ ሲደርስ በሆዱ ተለጥፎ እንደ እንሽላሊት ቀረ። ኳስ ቢያስቀምጡበት የማይንከባለልበት ጣሪያ ለእርሱ ገደል ሆነበት። ወደፊትም የለ፣ ወደኋላም የለ።

ሰማዩም ቀን ጠብቆ ኖሮ ጠቆረ። ነፋሱ መጣ፤ ዝናቡ በአግድም ይገርፈው ጀመር። አፍንጫው ንጣፉ ላይ ተደፍቶ ነበርና ነገሩን ከዚህ በላይ ቀርቦ ያየ ተቆጣጣሪ የለም። ውሃው በመውረድ ፈንታ ሽቅብ ይመለሳል፤ የንጣፉን ጠርዝ እንደ ከንፈር ገለጥ ያደርግና ሹልክ ይላል። በጣቱ ጠርዙን አነሳው። ወረቀቱ ነጠላ ነው። መጋጠሚያው ውሃውን እንደ ጥም ያለበት ይጠጣል።

አማቹ ከመሰላሉ አናት ብቅ አለ። "ጋሼ፣ ልያዝዎት?"

"ነጠላ ነው!"

"ምኑ?"

"ወረቀቱ ነዋ! ድርብ ነው አላልከኝም?"

"እንዴ ጋሼ!" አለ ሰውዬው ከልቡ ተገርሞ። "ሁሌም እንደዚያ አይደል እንዴ የምንባባለው?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አሁን 'አልፏል' ይበሉና ቀስ አድርጌ ላውርድዎት። ሲደርቅ በሬንጅ እደፍነዋለሁ። አላለፈም ካሉ ግን ሰፈሩ የሚጠይቀው እኔን ብቻ እንዳይመስልዎት።"

ንስሩ በአንድ ዓይኑ ቁልቁል አየ። አጥሩ ሥር ሰው ተሰብስቧል፤ ጣሪያውን ያላሳለፈለት አንድም የለም። ልጁ ሕፃኑን በብርድ ልብስ ሸፍና ቀና ብላ ታየዋለች። ባሏን አይደለም፤ እርሱን ነው።

"አላለፈም!" ድምፁ እንደ ጫጩት ቀጠነ እንጂ ተሰማ። "ልጄ፣ እንዳታስገቢው! ወደ እናትሽ ዘንድ ውሰጂው!"

ልጁ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ወደ ወላጆቿ ቤት ሄደች። ባሏ ሊከተላት ከመሰላሉ ሲወርድ ልብስ ሰፊዋ ክንዱን ይዛ አስቆመችው።

"ቆይ እስቲ፣ ቆይ። የኔም ጣሪያ እንደዚሁ ለጥ ያለ ነው፤ አንተው ነህ የሠራኸው። ጋሼ፣ የኔን በየት በኩል ወጥተው ነው ያዩት?"



"በ... በበሩ በኩል" አለ ንስሩ ከላይ።

"ወይኔ!" አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ራሱን ይዞ። "ኮርኒሴን አረጠበችብኝ ብዬ ድመቴን አባረርኳት እኮ!"

ሳቁ ከነጎድጓዱ በለጠ፤ ግን የደግ ሳቅ አልነበረም። አማቹ እየተነጫነጨ ተመልሶ ወጣና እግሩን እየያዘ አንድ በአንድ አወረደው። ንስሩ መሬት ሲረግጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ መሰላሉን ነቅላ ትከሻዋ ላይ አድርጋዋለች።

"ጋሼ፣ ከኔ ይጀምሩ። ሳያባራ ነው የሚሻለው፤ ሁሉም ነገር ፍንትው ብሎ ይታያል።"

"ልብሴን እንኳ ልቀይር እንጂ፣ ልጄ።"

"ያው እዚያም ይረጥባል።" ወደ አማቹ ዞረች። "አንተም ወዴት ነው? ና እንጂ፣ ከታች ሆኖ ማን ይገፋቸዋል?"